ስም ያልወጣለት ዜማ

ጋሽ ይሁኔ መሞታቸውን የሰማሁት የሰው ስልክ ፈትቼ፣ ብሎኖቹን ነጭ ወረቀት ላይ በተራ ደርድሬ ሳለሁ ነው። የስልኩ ባለቤት የዳንግላ ነጋዴ ነበር። ለጉዳይ እንጅባራ መጥቶ ስክሪኑ ተሰነጠቀበትና እኔ ዘንድ ገባ። ስልኩ እስኪሠራለት ወሬ ሲያወራ፣ ያ የዘፈን ቤቱ ሽማግሌ አረፈ፣ ትናንት ቀበርነው አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅሁትም። ዳንግላ ውስጥ ዘፈን ቤት ያለው ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበር።

ሰባት ብሎን ነበር። አዲሱን ስክሪን ገጠምኩ፣ ሰባቱንም በየቦታቸው መለስኩ፣ ድምፁንና ካሜራውን ሞከርኩ። ሰውየው ከወጣ በኋላ እጄን ታጠብኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እንባ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅሁ። አልመጣም።

ከጋሽ ይሁኔ ጋር ዳንግላ ውስጥ ሦስት ዓመት ከአራት ወር አንድ ክፍል ተካፍለን ሠርተናል። በግራ በኩል እሳቸው በሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናሉ፤ በቀኝ በኩል እኔ ስልክ እጠግናለሁ። እኔ ጥገናውን የተማርኩት የተበላሸ ስልክ እየፈታሁ ነው፤ እሳቸውም ሙዚቃውን ያወቁት እንዲሁ ነው፣ ያስተማራቸው የለም። በወጣትነታቸው የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ የውጭ ሰዎች ሰፈር ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ይጠብቁ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ካሴት ትቶላቸው ሄደ። ሃያ ስድስት ነበሩ፤ እኔ ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ። በሁለቱ ላይ የተጻፈውን ዝናብ አጥፍቶታል።

ጋሽ ይሁኔ እንግሊዝኛ ብዙም አያውቁም። ስለዚህ ለዘፈኖቹ የራሳቸውን ስም አወጡላቸው። ብሉዝን «እንጉርጉሮ» ይሉታል። የሃዋይን፣ ያንን ጊታር ጭን ላይ አጋድመው በብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን፣ «ተንሸራታች» ይሉታል። ፖፑ ደግሞ «የሁሉ» ነው። ኮምፒውተራቸው ላይ ያሉት ፎልደሮችም በእነዚሁ ስሞች ነበር የሚጠሩት። በየፎልደሩ ውስጥ ሌላ ሁለት አለ፤ አንዱ «የወጡ» ሌላው «ሊወጡ ያሉ»። የወጣውንማ ማን ያጣዋል ይሉ ነበር፤ ቁም ነገሩ ሊወጣ ያለውን ማወቅ ነው።

በዚያን ጊዜ የዳንግላ ኔትወርክ ዘፈን ለማውረድ የሚበቃ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ ጃንጥላቸውን ይይዙና በሚኒባስ እንጅባራ ይሄዳሉ። እዚያ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተው፣ የገዛ አገሩ እንኳ ገና ያላወቀውን ዘፋኝ ሲያዳምጡ ይውላሉ። ማታ የሚመለሱት በፍላሽ ሦስት ወይም አራት ዘፈን ይዘው ነው። አንዳንዴም ምንም ሳይዙ ይመለሳሉ። «ጆሮ እንደ እግር ነው፤ ካልሄደበት ይደነዝዛል» የሚሏት ነገር ነበረቻቸው፤ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ዕለት ደግሞ፣ ዛሬ ጆሮዬን በከንቱ አደከምኩት ይሉኛል።

አንድ ሐሙስ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ የቀዳችውን የአንዲት ልጅ ዘፈን ይዘው መጡ። ኢንተርኔቱ ላይ እንደተቆጠረው ከሳቸው በፊት የሰማት ሰው አርባ ሁለት ብቻ ነበር። አርባ ሦስተኛው እኔ ነኝ አሉኝ፤ ሲናገሩ ቆባቸውን አውልቀው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የልጅቷ ዘፈን በየሚኒባሱ ሲጮህ ሰማነው። «ወጣች» አሉና ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው አዛወሯት። ከዚያ በኋላ ሲያዳምጧት አይቼ አላውቅም። ምነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ አሁንማ ሰው አገኘች፣ እኔ ምን አደርግላታለሁ አሉኝ።

አዲስ ያገኙትን ዘፋኝ ስሙን ወዲያው አይጽፉትም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነስታ ስም ይወጣላት የለም? እሳቸውም ወንዱን ዘፋኝ አርባ ቀን፣ ሴቷን ሰማንያ ቀን በቁጥር ብቻ ያስቀምጧቸዋል። በነዚያ ቀናት በየጠዋቱ ያዳምጧቸዋል፤ ቀኝ ጆሯቸውን በአውራ ጣት ደፍነው ግራውን ወደ ስፒከሩ ያስጠጋሉ። ቀኑ ሲሞላ ዘፈኑ ካልሰለቻቸው ስም ይወጣለታል። ከሰለቻቸው ያጠፉታል።

እስከዚያው ግን ለሰው ይሰጡታል። ገበያ ውስጥ እህል ሻጭ ሰፍሮ ሲጨርስ አንድ እፍኝ ምርቃት እንደሚጨምር፣ ጋሽ ይሁኔም ሚሞሪ ሲሞሉ መጨረሻ ላይ ስም ካልወጣላቸው አንዱን ይጨምራሉ። ለማን የትኛውን እንደሰጡ አይጽፉም። ይህ ነገር እኔን ያስጨንቀኝ ነበር። መዝገብ እንያዝለት ብላቸው፣ ምርቃት ይጻፋል እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ምርቃቱ ሁሉንም ደስ አያሰኝም። አንድ የባጃጅ ሾፌር በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«ጋሽ ይሁኔ፣ መጨረሻ ላይ የሚያለቃቅስ ሽማግሌ አስገቡብኝ» አላቸው።

«ምርቃት ነው።»

«ማን ምርቃት ጠየቀ?»

«ጤፍ ስትገዛ ማን ጠየቀ ብለህ ምርቃቱን ትመልሳለህ?»

«የጤፍ ምርቃት ጤፍ ነዋ። እርስዎ እኮ ጤፍ ለገዛ ሰው ሽንብራ ነው የሚጨምሩት።»

ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያነቡ ሳቁ። ሽማግሌውን ግን አላጠፉለትም። ተመልሶ «ያ የመጨረሻው ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ ሌላ ሥራ ሁሉ ይቆማል። ወንበር ይስባሉ፣ ሰውየውን ያስቀምጣሉ። አብረን በሠራንበት ጊዜ እንዲህ ብለው የጠየቁት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ከነሱ አንዷ ከገጠር ድንች ይዘው የሚመጡ እናት ነበሩ፤ አማርኛ አያዘወትሩም። በአውኝኛ ጠየቋቸው፣ ጋሽ ይሁኔም በአውኝኛ መለሱላቸው። ኋላ ሲነግሩኝ ሴትዮዋ ያሉት፣ ይህ ተንሸራታች የሚጫወተው ሰው የሚኖረው ዝናብ የሚበዛበት አገር መሆን አለበት ነው። ደሴት መሆኑን ሲሰሙ፣ ብዬ ነበር ብለው ሄዱ።

አሁን ስለ በላይነህ ልናገር።

በላይነህ እንጅባራ ውስጥ አናጢ ነበር። ፕሮቴስታንት ነው፤ በጉባኤያቸው ጊታር ይጫወት ነበር። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ መጋዝ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ክሩን መያዝ ሲያቅተው ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመና በቁራጭ የውኃ ቧንቧ ክሩን እያንሸራተተ መጫወት ጀመረ። ይህን ማንም አላሳየውም። በጉባኤው ፊት ለመጫወት ስላፈረ ሥራ ሲያበቃ ለብቻው፣ ጣውላው መካከል ተቀምጦ ይጫወታል። አንድ ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔት ቤቱ ሲዘጋ ጋሽ ይሁኔ ወጡና ድምፁን ከመንገድ ሰሙ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እኔም ዕቃ ልገዛ አብሬያቸው ስለሄድኩ የሆነውን አይቻለሁ። ጋሽ ይሁኔ የሃዋይ ተጫዋቾችን በስልካቸው ይዘው ነበር። በላይነህ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማ። የመጋዝ ዱቄት ቅንድቡ ላይ ነበር። ሲያበቃ ደግሞ ከመጀመሪያው ሰማው።

«እነዚህም ጣታቸው ተቆርጦ ነው?» አለ።

«የለም» አሉት ጋሽ ይሁኔ። «እነሱ ወደው ነው።»

በላይነህ የግራ እጁን አየት አደረገውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቆይቶ ግን አወጣውና ጊታሩን አነሳ።

ጋሽ ይሁኔ ሊቀዱት ፈለጉ። ነገር ግን በዙሪያው ያሉት የእንጨት ቤቶች መጋዝ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ መቅዳት የሚቻለው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ያ በየቀኑ የሚጠፋ መብራት እንደ ጉድ ሁለት ሐሙስ ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። በሦስተኛው ጠፋ። አራት ዜማ ቀዱ፤ ከአራቱ አንዱ የሠርግ ዜማ ነው። ማታ ሲመለሱ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። የስልካቸው ሚሞሪ ሞልቶ ስለነበር አራቱን ከስልኩ ላይ አንስተው ወደ ኮምፒውተሩ አዛወሯቸው። ይህን ሲያደርጉ እኔ አላየሁም። ቀረጻው ስልካቸው ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ዜማዎቹ በተቀዱ በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ኮምፒውተራቸው በቫይረስ ተያዘ። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ እሳቸው እንጅባራ ናቸው። ሳይመጡ ሠርቼ ልጠብቃቸው ብዬ ዘፈኖቹን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። እንጉርጉሮውን፣ ተንሸራታቹን፣ የሁሉውን፣ ቁጥር ብቻ ያላቸውንም አዲሶቹን ሳይቀር እየቆጠርኩ በዝርዝር ጻፍኩ። ከዳር አንድ የተቀዳ ድምፅ ያለበት ፎልደር አገኘሁ፤ ስልክ በራሱ የሚያወጣው ዓይነት ስም ነው ያለው። ደንበኞች ሚሞሪያቸውን ሲያስሞሉ እንዲህ ያለ ነገር ኮምፒውተሩ ላይ እየቀረባቸው እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አጥፍቻለሁ። አልከፈትኩትም። ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረግሁት፤ ያልገለበጥኩት ሁሉ ጠፋ።

ጋሽ ይሁኔ ማታ መጥተው ዝርዝሩን አዩ። ጽሑፌ ንጹሕ ነው አሉ። ከዚያ ያንን ፎልደር ጠየቁኝ። ማጥፋቴን ስነግራቸው ወንበራቸውን ስበው የተቀመጡት እንግዳ በሚያስቀምጡበት በኩል ነበር። በኋላ፣ ሰውየው እኮ አለ፣ ክረምቱ ይውጣና ደግመን እንቀዳዋለን አሉኝ።

በላይነህ ክረምቱን አልወጣም። ጉበቱን ታሞ በነሐሴ ሞተ።

ከሞተ ከአርባ ቀን በኋላ ሚስቱ ይርጋለም ዳንግላ ድረስ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ቤታችንን ያገኘችው እየጠየቀች ነው። ባሏ ከመሞቱ በፊት፣ ድምፄ ጋሽ ይሁኔ ዘንድ አለ ብሏት ነበርና ልትሰማው መጣች። እኔ በቀኝ በኩል አንገቴን ደፍቼ የሰው ስልክ ይዣለሁ። ጋሽ ይሁኔ፣ ልጄ አለ፣ ግን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኛል፣ እስክፈልገው ታገሺኝ አሏት። ወደኔ አልዞሩም። እሷም አመስግናቸው ሄደች።

ከሄደች በኋላ ለምን እንዲያ አሏት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ውሸት አልተናገርኩም» አሉ። «በነዚያ ሠላሳ ስድስት ቀናት ምርቃት ሰጥቼዋለሁ። ሰው እጅ ላይ አለ።»

«ለማን ነው የሰጡት?»

«እሱን አልጻፍኩትም» አሉና አዩኝ። ይህን ጉዳይ ከዚያ ቀን በኋላ አላነሱብኝም።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ መሄዳቸው ቀረ። የዳንግላን ገበያ፣ የእንጅባራን ገበያ፣ የጥሊሊን ገበያ ያዳርሳሉ። ስልክ የያዘ ሰው ሲያዩ ጠጋ ብለው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ዘፈን እስቲ አሰማኝ ይላሉ። አንዳንዱ ያሰማቸዋል። አንዳንዱ ሌባ ነው ብሎ ይሸሻቸዋል። ብዙዎቹ ሚሞሪያቸውን ደጋግመው አስሞልተው ያንን ካጠፉት ቆይተዋል። አዲስ ዘፋኝ ማምጣትም ተዉ። አንድ ማለዳ ምርቃት ሊጨምሩ ስም ያልወጣላቸው ያሉበትን ፎልደር ቢከፍቱት ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምርቃት የሚሰጡት ከድሮዎቹ ነው።

በዓመቱ እኔ ወደ እንጅባራ ዞርኩ። ለሰው ሁሉ የተናገርኩት እዚያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ደንበኛ ያመጣልኛል ብዬ ነው። እሱም እውነት ነው። ሌላው እውነት ሐሙስ ጠዋት ጃንጥላቸውን ከሚስማሩ ላይ ሲያነሱ ማየት አለመቻሌ ነው። እንጅባራ ይርጋለም የምትኖርበት ከተማ ስለሆነ በሷ መንገድ አላልፍም፤ ወደ ገበያ ስሄድ በላይኛው በኩል እዞራለሁ።

ሞታቸውን በሰማሁ ማግሥት ሰልስታቸው ነበርና በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳንግላ ወርጄ ወደ ለቅሶው ቤት የሚያደርሰኝ ጋሪ ያዝኩ። ባለጋሪው ስልኩን በገመድ ከስፒከር ጋር አያይዞ አጠገቡ አንጠልጥሎታል። ሁለት የታወቁ ዘፈኖች አለፉ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ «ጀመረ?» አለ። ሌላ ድምፅ፣ «ጀምሯል» አለ። ከዚያ ጊታሩ መጣ።

ባለጋሪውን ፈረሱን እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። ታመምክ እንዴ አለኝ።

«ይህ ዘፈን ከየት መጣ?» አልኩት።

«ይኼ? ይኼንማ ላጠፋው ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሚሞሪው አልቀበል አለኝ። አይጨምር፣ አያጠፋ፣ እንደ በቅሎ እግሩን ተክሏል።»

«ሚሞሪውን ከየት አገኘኸው?»

«ከስልኩ ጋር ነው የመጣው። ስልኩን አምና ከጥሊሊ ገበያ አሮጌ ነው የገዛሁት።»

ሚሞሪ ሲያረጅ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። ያለውን ያነብባል እንጂ ምንም አይጻፍበትም፣ ምንም አይጠፋበትም። ይህን ከጥገና ሥራዬ አውቀዋለሁ። ጋሽ ይሁኔ ጥሊሊ ገበያ ሲፈልጉት፣ ዜማው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ባለው መንገድ በጋሪ ይመላለስ ነበር። እሳቸው ጋሪ አይሳፈሩም፤ ዳንግላን የሚዞሯት በእግራቸው ነው።

ለባለጋሪው የራሴን ሚሞሪ ሰጠሁትና የሱን ወሰድኩ። እየሳቀ፣ ወንድሜ አተረፍኩብህ አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ለሰልስቱ የመጣ ሰው ብዙ ነበር። ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የጋሽ ይሁኔ እህት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ወንድማቸው ባለፈው ሐሙስ ከጥሊሊ ሲመለሱ ጃንጥላቸውን ሚኒባስ ውስጥ ረስተው ዝናብ እንደመታቸው፣ ሌሊቱን ሳል እንደጀመራቸው፣ ከዚያም እንዳልተነሱ ነገሩኝ። ምን ፍለጋ እንደሚዞሩ ግን ለኛ ነግረውን አያውቁም፤ አንተ ታውቃለህ? አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ንፍሮ አቀረቡልኝ። በላሁ።

እንጅባራ ተመልሼ ሚሞሪውን በማንበቢያው ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ከአራቱ ያለው አንዱ ብቻ ነበር፣ የሠርጉ ዜማ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰኮንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው የጉሮሮ ጠረጋና ንግግር ስድስት ሰኮንድ ይይዛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጫጫታ ነው ብዬ እቆርጠው ነበር። አልነካሁትም። ሦስት ቦታ ገለበጥኩት።

በማግሥቱ በይርጋለም መንገድ ሄድኩ። በር ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት፤ አላወቀችኝም። ዳንግላ በቀኝ በኩል ተቀምጬ የነበርኩት ሰው መሆኔን ነገርኳት። ጋሽ ይሁኔ መሞታቸውን ነገርኳት። ከዚያ ስልኬን አወጣሁ።

«አንድ ነገር አለ» አልኳት። «ይህን እሳቸው አልጣሉትም። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ክፈተው» አለች።

ከፈትኩት። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ጀመረ?» አለ፣ «ጀምሯል» ተባለ፣ ጊታሩ ጀመረ። ጥቂት ከሄደ በኋላ እጇን አነሳች።

«ዘፈኑን አይደለም» አለችኝ። «እሱን መልስልኝ።»

ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ሰማች። ደግሞ መልስልኝ አለች። ጊታሩ ገና ሲጀምር እያቆምኩ መለስኩላት። ዘጠኝ ጊዜ ነበር። በላይነህ ዘጠኝ ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጀመረ?» አለ፤ ጋሽ ይሁኔም ዘጠኝ ጊዜ፣ በቀስታ፣ «ጀምሯል» ሲሉ ሰማኋቸው።